መነጽር ለሙሽራ ነው

(ደሴ፣ ከሸዋ በር ዝቅ ብሎ ባለ የብረት በርና መስኮት መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ከዙህር ሶላት በኋላ፤ ባለቤቱ አያ ይመርና እዚያው ሲሠራ ግራ ዓይኑን ያጣው እንድሪስ ብቻቸውን ናቸው፤ ከላሜራው በር ውጭ ሽማግሌዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።)

ይመር፦ ሽማግሌዎቹን መልሳቸው አልኩህ! ደጄን ለቅሶ ቤት አስመሰልከው እኮ። ደንበኛ ምን ይለኛል?

እንድሪስ፦ ሰው የሞተ ይመስለዋል። ብዙም አልተሳሳተ።

ይመር፦ ምን ቀረህ ከእኔ? ሆስፒታል ድረስ መጥቼ ጠይቄሃለሁ።

እንድሪስ፦ ጠይቀውኛል። ሙዝ ይዘው መጡ። ሙዙን ራስጌዬ አስቀምጠው ወጡና፣ በሩ ላይ ላገኙት ሰው ሁሉ «ምስኪን፣ ጠጥቶ ነው» አሉ።

ይመር፦ ያኔ ደንግጬ ነበር። ሰው ሲደነግጥ የማይለው የለም።

እንድሪስ፦ ድንጋጤ አንድ ቀን ነው። እርስዎ ካቻምና ደንግጠው እስከ ዛሬ አልለቀቀዎትም?

ይመር፦ አንተ ልጅ፣ ያለፈውን ነገር አትቆፍር። አላህ የጻፈው ነው።

እንድሪስ፦ ዓይኔን አላህ ጻፈው እንበል። አረቄውን ግን የጻፉት እርስዎ ነዎት።

ይመር፦ ረስቼዋለሁ ብዬሃለሁ!

እንድሪስ፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሼህ ሙሄም አልረሱም። ልጃቸውን ዘምዘምን ሊድሩልኝ ቃል ገብተው አልነበር? «አረቄ ለሚጠጣ ሰው ልጄን አልሰጥም» ብለው በር ዘጉብኝ። በአንድ ዓይኔ አልጠሉኝም፤ በእርስዎ አፍ ነው የጠሉኝ። ዛሬ ስንት ሰው ለምኜ ነው ያመጣኋቸው። «ይመር በራሱ አፍ ልጁ አልጠጣም ካለ እሰማለሁ» ብለው ከሽማግሌዎቹ ጋር ደጅዎ ተቀምጠዋል።

ይመር፦ እና ምን ልበላቸው?

እንድሪስ፦ ያደረጉትን።

ይመር፦ ይሄ ቤት እኮ በስሜ የቆመ ነው። ያንን ብናገር ነገ ማን ሠራተኛ ማሽኔን ይነካልኛል? «የይመር ቤት ዓይን ያጠፋል» አይሉኝም?

እንድሪስ፦ የእርስዎ ስም እንዳይበርደው የእኔ ማገዶ ሆነለታ።

ይመር፦ ምላስህ ስል ሆኗል።

እንድሪስ፦ ሥራ ፈት ስሆን የምስለው እሱን ነው። ሰካራም ብረት መቁረጫ ግራይንደር አይንካ ብሎ የሚቀጥረኝ ጠፋ።

ይመር፦ ቆይ... ይሄ ከብረት መያዣው፣ ከሞርሳው አጠገብ ያስቀመጥከው ምንድን ነው?

እንድሪስ፦ ጠፋዎት? ትንሿ ግራይንደር ናት። የትልቁን ዲስክ አስሬባታለሁ። መከለያዋንም ፈትቼ ጣልኩት። ልክ እንደዚያ ቀን።

ይመር፦ አብደሃል! ይሄ ዲስክ በዚች ላይ ይታሰራል?

እንድሪስ፦ እሱን ነበር እኮ የጠየቅኩዎት! ትልቁ ማሽን ተቃጥሎ፣ ደንበኛው በሩን ሊወስድ መኪና አቁሞ፣ «ዲስኩን ትንሿ ላይ እሰረው፣ መከለያው አላስገባ ካለህ ፍታው» አሉኝ። «አያ ይመር፣ ትንሿ አዟዟሯ ፈጣን ነው፣ ይሄ ዲስክ አይችለውም፣ ይበተናል» አልኩ። ምን አሉኝ?

ይመር፦ እኔ እንጃ።

እንድሪስ፦ «ፈሪ ብየዳ አይለምድም፤ ሂድና ድንች ሽጥ» አሉኝ። «እንግዲያው መነጽር ይስጡኝ» አልኩ። «ሙሽራ ነህ እንዴ? መነጽር ለሙሽራ ነው!» ብለው ሠራተኛውን ሁሉ አሳቁብኝ። እንዳሉትም ሆነ። መነጽርም አላደረግኩ፣ ሙሽራም አልሆንኩ።

ይመር፦ ...ሠፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚሠራው። ከእኔ ብቻ ምን አመጣህ?

እንድሪስ፦ ሠፈሩ ሁሉ «ጠጥቶ ነው» አላለኝም። እርስዎ ያሉትን ልንገርዎ? «ማሽኗ ጥፋት የለባትም፤ የሰከረው የያዛት እጅ ነው» ብለዋል። አሁን ማሽኗ ያቻት። የሚቆረጠው ቱቦላሬ ብረትም ሞርሳው ላይ ታስሯል። እርስዎ ደግሞ አረቄ በደጅዎ አልፎ አያውቅም። ይቁረጡት።

ይመር፦ ምን?

እንድሪስ፦ ይቁረጡታ! ከቆረጡት እኔው ወጥቼ «ሼህ ሙሄ፣ ጠጥቼ ነበር» እላለሁ። ዘምዘምን እረሳለሁ፣ ደሴንም እለቃለሁ።

ይመር፦ ትምላለህ?

እንድሪስ፦ ወላሂ።

ይመር፦ ካፍህ ይውጣ ብዬ እንጂ... እኔን ልታስፈራራኝ! አንተ ሳትወለድ ብረት ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ወዲያ በል! አምጣት።

እንድሪስ፦ ያቻት።

ይመር፦ ሚዛኗ ከበደኝ። ምን ዓይነት... ወዴት ትሸሻለህ?

እንድሪስ፦ ዲስክ በሚዞርበት መስመር አይቆምም። ደግሞ እኔ የቀረችኝ አንድ ናት።

ይመር፦ ሂድ፣ ሂድ ተደበቅ! አሁን ጣቴን ማብሪያው ላይ ሳሳርፍ...

እንድሪስ፦ ቆይ!

ይመር፦ ምነው፣ ራራህልኝ?

እንድሪስ፦ ሻሽዎ ከአንገትዎ ተንጠልጥሏል። ከያዘው አንገትዎን ይዞ ነው የሚዞረው። ያውልቁት።

ይመር፦ አየህ! አየህ! ሆድህ አይችልም። ልትገድለኝ አልመጣህም አንተ።

እንድሪስ፦ መች ልግደልዎ አልኩ? እንዲሞቱ አልፈልግም። እንዲኖሩ ነው የምፈልገው። በአንድ ዓይን እየኖሩ፣ ሻይ ሲቀዱ ከብርጭቆው ውጭ እያፈሰሱ፣ በግራዎ የመጣ ሰው ሁሉ እያስደነገጠዎት። እድሜ ይስጥዎ!

ይመር፦ አዑዙ ቢላህ! ምን ዓይነት ዱዓ ነው?

እንድሪስ፦ ከካቻምና ጀምሮ የማደርገው ነው። ይቁረጡ።

ይመር፦ እቆርጣለሁ... እቆርጣለሁ አልኩህ! ግን ማነው... መነጽሩ የት አለ?

እንድሪስ፦ የቱ መነጽር?

ይመር፦ ግድግዳው ላይ አንድ ነበረን።

እንድሪስ፦ ለደንበኛ ማሳያ የሰቀሉት? እሱን ለምን ፈለጉት? እርስዎ አግብተው ልጅ ወልደዋል፤ ዳግመኛ ሊሞሸሩ ነው?

ይመር፦ አትቀልድ! አምጣው!

እንድሪስ፦ ማሽኗ ጥፋት የለባትም አላሉም? እጅዎም አልሰከረ። ምን ያስፈራዎታል?

ይመር፦ ዓይኔ ነው እኮ! ዓይኔ ነው አንተ!

እንድሪስ፦ የእኔስ? የእኔስ ምን መስሎህ ነበር ይመር? የበር ማጠፊያ? ቢሰበር ሌላ የሚበየድበት?

ይመር፦ ...አንተ ትለኛለህ?

እንድሪስ፦ እላለሁ! አንቱ ያልኩህ የሙያ አባቴ መስለኸኝ ነው። አባት ልጁን ዓይኑን አጥፍቶ ስሙን ደግሞ በአረቄ አያጥብም።

ይመር፦ ቀስ በል፣ ይሰማሉ።

እንድሪስ፦ ይስሙ! ሠራተኞችህም ከሶላት ተመልሰው ከሽማግሌዎቹ ኋላ ቆመዋል። እስከ ዛሬ የሰሙት ያንተን ብቻ ነው። ወይ ቁረጥ፣ ወይ ተናገር።

ይመር፦ ለብቻችን እንጨርሰው። ለሼህ ሙሄ ሌላ ቀን ጠጋ ብዬ በጆሯቸው...

እንድሪስ፦ ውሸቱን በአደባባይ፣ እውነቱን በጆሮ? አይሆንም። ቁረጥ!

ይመር፦ እንድሪስ...

እንድሪስ፦ ቁረጥ አልኩህ! ፈሪ ብየዳ አይለምድም!

ይመር፦ ሼህ ሙሄ! ሼህ ሙሄ፣ ስሙኝ! ልጁ አልጠጣም! ዲስኩን በግድ ያሳሰርኩት እኔ ነኝ። ይበተናል ብሎኝ ነበር፣ መነጽርም ለምኖኝ ነበር፣ ሳቅኩበት። አረቄ ያልኩት ዋሽቼ ነው፤ ሰው ጣቱን ወደ እኔ እንዳይቀስር ብዬ ነው። ዋሽቼ ነው! ሰማችሁ?

እንድሪስ፦ ሰምተዋል። በበሩ ስንጥቅ ይታዩኛል፤ ሼህ ሙሄ ተነስተው ቆሙ። ያንተ ሰዎችም እየተያዩ ነው።

ይመር፦ እኔ አለቀልኝ። በቃህ? እንግዲህ አንተም አፉ በለኝ።

እንድሪስ፦ የመጣሁት ለዚያ አይደለም። እውነቴን ልንገርህ? ብትቆርጠው ደስ ይለኛል እያልኩ ነበር ሌሊቱን ሳስብ ያደርኩት።

ይመር፦ ታዲያ ምናለ ብትረዳኝ! ማስቀመጥም ፈራሁ። ጣቴ ሳላውቀው ማብሪያውን ቢነካውስ? ስለ ነቢ፣ ሮጥ በልና ከሶኬት ንቀልልኝ!

እንድሪስ፦ እዚህ የገባሁ ቀን «ማሽን ሳትነካ በፊት መጀመሪያ የሶኬቱን ስፒና እይ» ብለህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ስፒናው ተነቅሎ እግርህ ስር ተጥሏል ይመር። ሁለት ዓይን ይዘህ አላየኸውም።