ራሰ በራው ያለበት ጨዋታ

ጋሽ ገሪማ፣ ዛሬ በሽኝትዎ ዕለት እንኳን ሳያቋርጡ ይስሙኝ። እናንተም ትንሽ ታገሱኝ፣ ምግቡ የትም አይሄድም።

ጋሽ ገሪማ እኛ ሱቅ ሥራ የጀመሩ ዕለት የፕሌይስቴሽኑን ጆይስቲክ ሰጠኋቸውና ለደንበኛ በዚህ ያሳዩ አልኳቸው። ወደ ቴሌቪዥኑ ቀስረው ሲጫኑ ሲጫኑ ቆዩ። "ቆንጅት፣ የዚህ ሪሞት ባትሪው አልቋል" አሉኝ። ገመዱ እግራቸው ላይ ተጠምጥሟል እኮ! ዕድሜያቸውን ሬዲዮ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው፣ አልፈረድኩባቸውም።

ብዙም ሳይቆይ ግን ጆይስቲኩን ከእጃቸው የሚያስጥል ጠፋ። ሳልቀምስ አልሸጥም ብለው እያንዳንዱን የጨዋታ ሲዲ ራሳቸው ይጫወቱታል። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ "ቆይ፣ ይቺን ጎል ላግባ" ይላሉ። አቶ ሙሐመድኑር፣ ባለ ሱቁ እርስዎ ነዎት፣ ይመስክሩ።

ከዚያ ገበያው ቀዘቀዘ። ጨዋታ የምንሸጥበት ክፍል ይዘጋ ተባለ፤ ከተዘጋ ደግሞ የምሰናበተው እኔ ነበርኩ። ያኔ ነው ጋሽ ገሪማ ሲጫወቱ በስልካቸው እየቀረጹ ፌስቡክ ላይ መልቀቅ የጀመሩት። እኔ በገንኩ። በነጻ ካየው ማን ይገዛዋል አልኩ። እሳቸው ደግሞ ልጫወት ብሎ እጁን የሚበላው ያየ ሰው ነው አሉ። ስንጨቃጨቅ ከረምን። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ታሪክ ያለውን ጨዋታ እስከ መጨረሻው አሳዩትና ሲዲው መደርደሪያ ላይ አቧራ ጠጣ። የኳሱን ግን ከቡሌ ድረስ እየመጡ ወሰዱት።

ከወርቃ ከተማ የመጣውን ሰውዬ ታስታውሱታላችሁ? ቪዲዮው ላይ የጋሽ ገሪማ ራሰ በራ በቴሌቪዥኑ መስታወት ይታያል፤ ድምፃቸውም "አትቸኩል፣ አትቸኩል" ይላል። ሰውዬው መጣና ራሰ በራው ያለበትን ስጡኝ አለ። ሰጠሁት። በሳምንቱ ሲዲውን ይዞ ተመለሰ።

"ሸወዳችሁኝ" አለኝ። "ሰውየው የለበትም። አትቸኩል የሚለኝም የለም።"

"ይኸው፣ ቪዲዮዎ ደንበኛ አስቀየመብን" አልኳቸው።

"ገዝቶ አይደል የተቀየመው?" አሉኝ።

ክፍሉ አልተዘጋም። እኔም ከእንጀራዬ አልተነሳሁም። ጋሽ ገሪማ፣ ያን ሁሉ ሲደክሙ ለእኔ ብለው እንደነበር አውቃለሁ፤ እስከ ዛሬ ግን መጨቃጨቁ ስለሚጥመኝ አመሰግናለሁ ብዬዎት አላውቅም። አመሰግናለሁ።

ትናንት ዕቃዎን ሰብስበው ሲወጡ አንዱን ጨዋታ ከፈትኩት። ያው ሜዳ፣ ያው ተጫዋቾች። መስታወቱ ላይ የሚታየው የእኔ ሻሽ ብቻ ነው። ያኔ የወርቃውን ሰውዬ ሲዲው ምንም አልሆነም ብዬ ሸኝቼው ነበር። ለካ ሰውዬው እውነቱን ነው። ገና ከአሁኑ ናፍቀውኛል።

በሉ ብርጭቋችሁን አንሱ። ጋሽ ገሪማ፣ ዕድሜና ጤና አይለይዎት፤ የልጅ ልጆችዎንም እያጫወቱ ጎል በጎል ያድርጓቸው። በሱቁ በር ሲያልፉ ግን ዝም ብለው አይለፉ። ከኋላዬ ቆም ይበሉና አንዴ "አትቸኩዪ" ይበሉኝ።