የጋሼ ሸምሱ ዘበኛ
በደርግ ጊዜ፣ በቡና ለቀማ ወራት፣ አንድ የቀበሌ ሊቀመንበር መቱ ውስጥ ከልብስ ሰፊው ከጋሼ ሸምሱ ሱቅ አምስት ደብተር ያዙ። እኔ ስለ ቡናው ልዘግብ ሄጄ፣ የተቀደደ ሱሪዬን እያሰፋሁ ነበር። ደብተሮቹ ላይ ጋሼ ሸምሱ በእርሳስ የሣሉት፣ የንጉሡን ገዳዮች እያሳደደ የሚበቀል ታማኝ ዘበኛ ታሪክ አለ። ደንበኛው ሁሉ ተራውን ሲጠብቅ ያነበዋል።

"አንተ ሸምሱ፣ ንጉሥ ናፋቂ ሆንክ?"

"ወላሂ ጌታዬ… ማለቴ ጓድ፣ የሩቅ አገር ንጉሥ ነው!"

"ንጉሥ የትም ንጉሥ ነው።"

በዚያን ጊዜ ይህ ብቻ ያሳስር ነበር። ሊቀመንበሩ እንደቆሙ ደብተሮቹን ይገልጡ ጀመር። አምስተኛውን ሲጨርሱ እርሳስ ጠየቁ።

"ዘበኛ ንጉሥ ፊት እንዲህ ተንጋዶ አይቆምም። ተረከዙን ይገጥማል፣ ደረቱን ይነፋል።" አርመው ሲያበቁ ደብተሮቹን መለሱ። "ጋሼ ሸምሱ፣ ስድስተኛው መቼ ይደርሳል?"

ሱቁ በሳቅ ተሞላ፤ እኔም ሳቅሁ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ሊቀመንበሩ ጎሬ ላይ ልጃቸውን ሲድሩ ጋሼ ሸምሱ ይዘውኝ ሄዱ። ሳሎኑ ውስጥ የሊቀመንበሩ የወጣትነት ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ የክብር ዘበኛ የደንብ ልብስ ለብሰው ቤተ መንግሥት በር ላይ ቆመዋል።