ሁለት የወይራ ቋሚና አንድ የብረት በር

ህሊና ነገሩን ያስተዋለችው በያጁ ዕቃውን ሸክፎ ወደ ወልድያ ከተመለሰ በኋላ ነው። የአዲሱ በር የታችኛው ጥግ መሬቱን ፍቆት ደጁ ላይ እንደ ማጭድ የተቆለመመ ጭረት ጥሏል። በሩ ሲሰቀል ግን እንዲህ ያለ ጭረት አልነበረም።

"ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ!" አለች ለራሷ።

በመርሳ ከተማ ህሊናን የሚያውቃት ሁሉ "ሳይዘንብ ጃንጥላ የምትዘረጋ" ይላታል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች፣ ያገኘችውን ሁሉ የምታነብ ሴት ናት፤ ካነበበችው ውስጥ ግን ልቧ ላይ የሚቀረው ክፉ ክፉው ነው። ባሏ ሲሳይ ሐራ ከተማ ስለሚሠራ ቤቱን የምትጠብቀው እሷ ናት። ሲሳይ አሮጌ ፒካፕ ሲገዛ የቆርቆሮው በር ጠበበና ባለ ሁለት ክንፍ የላሜራ በር አሠሩ። በሩን የተሸከሙት ቋሚዎች ግን የሲሳይ አባት አቶ አበባው ከትውልድ ቀያቸው ከግራና ያመጧቸው ሁለት የወይራ ግንዶች ናቸው።

ህሊና ጭረቱ ላይ አጎንብሳ ሳለ የጎረቤቷ ልጅ ኢብቲሳም በዚያ ስታልፍ አየቻት። ኢብቲሳም በሕንፃ ሥራ ተመርቃ ወልድያ የምትሠራ ወጣት ናት።

"እትዬ ህሊና፣ ምን ጠፍቶብሽ ነው መሬት የምታዪው?"

"ኧረ አትሳቂብኝ። ነይ እስቲ ይኸን እዪልኝ።"

ኢብቲሳም ጭረቱንም ቋሚውንም አየች። "በሩ ምንም አልሆነም። ቋሚው ነው ያዘመመው።"

ይኸን ጊዜ አቶ አበባው ምርኩዛቸውን ይዘው ከቤት ወጡ።

"ምን ሆናችኋል? መርዶ የሰማ ሰው መሰላችሁ።"

"አባባ፣ ቋሚው እያዘመመ ነው። በሩ ልጅ ላይ ቢወድቅስ?"

"ጀመረሽ ደግሞ! ይህ ወይራ ከአባቴ ደጅ የተነቀለ ነው። ምስጥ እንኳ ጥርሱን ሰብሮ የተመለሰበት!"

"እንጨቱስ እንከን የለውም፣ ጋሼ" አለች ኢብቲሳም በትሕትና። "ግን ያኔ የቆመው ምን ዓይነት አፈር ላይ ነበር?"

"ኮረብታው ላይ ነዋ፣ ቀዩ አፈር ላይ።"

"የተሸከመውስ በር?"

"የእሾህ መዝጊያ ነበር። አንዲት ሴት በአንድ እጇ የምታነሳው።"

"ይኸኛውን ለማንሳትስ ስንት ጎረምሳ ተረባረበ?"

አቶ አበባው የበሩን ላሜራ በምርኩዛቸው ኳ አደረጉና፣ "እሺ፣ ምን ይሁን ነው የምትዪው?" አሉ።

"በኮንክሪት ምሰሶ፣ በኮለን ይተካ። ጥቁሩ አፈር አልቆ ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ይቆፈር፤ መሠረቱ በፌሮ ብረት ይታሰር። ሁለቱ ኮለኖች ደግሞ መኪናው በሚያልፍበት ሥር በኮንክሪት ይያያዙ።"

"ከመሬት በታች! ማን እንዲያይልን? እኔ ያየሁት የደህና ሰው ኮለን አናቱ ላይ አበባ አለው፣ ወገቡ ድንጋይ ለብሷል። እናንተ የተማራችሁት ጌጡን ልትቀብሩት ነው?"

እንዲህ የሚያስቡት አቶ አበባው ብቻ አይደሉም። ብዙዎቻችን ደጃችንን የምናሠራው ለአላፊ አግዳሚው ዓይን ነው። የቀለሙን ዓይነት ስንመርጥ እንከርማለን፤ ጉድጓዱን ግን ቆፋሪው ደክሞት ያቆመበት ላይ እንተወዋለን።

"ጋሼ፣ እስቲ ምርኩዝዎን እዚህ ስንጥቅ ውስጥ ይስደዱት" አለች ኢብቲሳም ቋሚው ሥር እያሳየች።

አቶ አበባው እየሳቁ ሰደዱት። ምርኩዙ ከግማሹ በላይ ሲገባ ሳቃቸው ቆመ። ቢሆንም እጅ አልሰጡም።

"እኔ ገበሬ ነኝ! ዋልካን አንቺ ልታስተምሪኝ? በበጋ የሚሰነጠቅ፣ በክረምት በሬ የሚውጥ ጥቁር አፈር ነው።"

"ታዲያ አባባ፣ በሬ የሚውጥ አፈር ቋሚ ይምራል?" አለች ህሊና።

"አንቺ ደግሞ ምላስሽ!"

ክርክሩ ሳይቋጭ የህሊና ልጅ ሊዲያ ከትምህርት ቤት ደረሰች። ቦርሳዋን ወረወረችና እናቷ "ተይ!" ሳትል የበሩን የታችኛውን ብረት ረግጣ ተንጠለጠለች፤ በአንድ እግሯም መሬቱን ገፋ አድርጋ በሩን እንደ ዥዋዥዌ ጋለበችው። ማጠፊያው ሲጥ አለ። ቋሚው ከሥሩ ተላቆ ወደ ልጅቱ ጎበጠ። አቶ አበባው ምርኩዛቸውን ጥለው ተወረወሩና የልጅ ልጃቸውን በብብቷ መንጭቀው ወደ ደረታቸው ወሰዷት። በሩ አልወደቀም፤ ቋሚው ግን እንደ ጎበጠ ቀረ።

"አባባ፣ አመመኝ እኮ!" አለች ሊዲያ።

ቶሎ አልለቀቋትም። ትንፋሻቸው ሲመለስ ወደ ኢብቲሳም ዞሩ።

"ሁለት በሬ ያለ ቀንበር ብነዳ አንዱ ወደ ማሳ፣ አንዱ ወደ ገደል ነው። ከሥር ይያያዙ ያልሽው ቀንበር ማለትሽ ነው?"

"እሱኑ ነው፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ከመጀመሪያው እንዲህ አትዪኝም? ይቆፈር! አናቱ ላይ የሚሆነው ጌጥ ሲተርፈን ይደረስበታል።"

ህሊና ደስታዋ ሳይቆይ ሌላ ስጋት መጣባት። "በዚያውም በሩን ጠበብ፣ ኮለኑን ረዘም አድርገን አናቱ ላይ ጠርሙስ ብንሰካ? ሌባ..."

"እዚህ ላይ እኔን ስሚ" አሉ አቶ አበባው። "ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች ጎን ለጎን ካልገቡበት፣ ሙሽራ አጃቢ እየጨፈረ ካልገባበት ምኑን ደጅ ሆነ? ለሌባ ብለሽ ጎረቤትሽን ልታስቀሪ ነው?"

ህሊና እስከዚያች ሰዓት የሚሰርቃትን እንጂ የሚመጣላትን ሰው አላሰበችም ነበር። "እንግዲህ ስፋቱ እንዳለ ይሁን" አለች።

በሩ ወርዶ ግድግዳ ተደገፈ። የወይራ ግንዶቹ ውጪ፣ አጥሩ ሥር፣ መንገደኛ የሚያርፍባቸው መቀመጫ ሆኑ። ኮለኖቹ እስኪጠነክሩ ድረስ በጆንያ ተሸፍነው ውኃ ሲጠጡ፣ ጠዋት ማታ የሚያጠጧቸው አቶ አበባው ነበሩ። "ችግኝ ነው የተከሉት?" ብሎ ለሚቀልድባቸው ሁሉ፣ "ለልጅ ልጄ ነው" ይሉ ነበር።

በሩ በአዲሶቹ ኮለኖች ላይ ተመልሶ ተሰቀለ፤ ክረምቱም ገባ። ዋልካው እንደ ልማዱ አበጠ፤ ኮለኖቹ ግን ካሉበት አልተነቃነቁም። የሲሳይ ፒካፕ ምንም ሳይነካው ይገባል፣ ይወጣል። ሊዲያ በሩን በአንድ ጣቷ ትገፋዋለች፤ መንጠልጠል ግን ዛሬም ክልክል ነው። የሰፈሩ ሰው ደጅ ከማሠራቱ በፊት አቶ አበባውን ማማከር ጀመረ፤ እሳቸውም የሚጠይቁት መጀመሪያ ስለ አፈሩ ነው፤ ስለ ቀለሙ የሚያነሱት በመጨረሻ ነው።

አንድ ቀን ዶፍ ሲጥል ዋለ። ሲመሽ ህሊና ነጠላዋን ተከናንባ ወጣችና ኮለኑን በመዳፏ ገፋ አደረገችው፤ ንቅንቅ አላለም። እንደ ልማዷ የምትፈራውን ነገር ፈለገች። የሚፈራ ሞልቷል፤ እዚህ ደጅ ላይ ግን ለዛሬ አላገኘችም። መቀርቀሪያውን አስገባችና ቁልፉን አዞረች።