የቀኙ መታጠፊያ

የባለቤቴ ሙት ዓመት ነበር። ፍትሐት ላስደርስላት ከላሊበላ ወደ ነአኩቶ ለአብ በባጃጅ ስሄድ እንደ ልማዴ ግራውን ጥግ ያዝኩ። ቀኙ የእሷ ነበራ! ድሮ አብረን ስንሄድ፣ ባጃጁ ወደ ቀኝ በታጠፈ ቁጥር ተንሸራታ እኔ ላይ ትወድቃለች። እኔም፣ «አየሽ፣ የገፋሽ የለም። ባጃጁ ሲታጠፍ ሰውነትሽ ቀጥ ብሎ መሄድ ፈልጎ ነው» እላታለሁ። ምን ላድርግ፣ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። እሷ ደግሞ ከትከሻዬ ሳትነሳ፣ «ታዲያ ቀጥታው አንተ ጋ ነዋ!» ትለኛለች።

ያን ዕለት ወደ ቀኝ መታጠፊያው ስንደርስ ሳላስበው ትከሻዬን አጠንክሬ ጠበቅኩ። ማንም አልመጣም። ባጃጁ ብቻ በእኔ በኩል አዘነበለና ሹፌሩ ደንግጦ ዳር ያዘ። «መምህር፣ እባክዎ መሀል ይሁኑ። ብቻዎን ሆነው ጥግ ሲይዙ እኮ ሊገለብጠን ነው» አለኝ። ተናደድኩ። «ይህን ለእኔ ነው የምትነግረኝ? ክብደት ወደ አንድ ጎን ሲያደላ ምን እንደሚከተል ስንቱን አስተምሬያለሁ!» አልኩት። ዞሮ ባዶውን ቦታ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ታዲያ ለማን ትተውት ነው?» አለኝ።

ለእሷ ልለው ነበር። ግን ወደ መሀል ተጠጋሁ። የሚቀጥለውን መታጠፊያ ባጃጁ ምንም ሳያዘነብል አለፈው፤ ልክ ሳስተምር እንደኖርኩት። ትክክል በመሆኔ እንደዚያን ቀን ከፍቶኝ አያውቅም።