የጌጤነህ ሹራብ

(መስቀል አደባባይ፣ ከቀትር በኋላ። ለዓይን ሕክምና ከደሴ የመጡት ወይዘሮ ዘርፌ፣ ከጠዋት ጀምሮ ከተማውን ስታስጎበኛቸው ከዋለችው ከወንድማቸው ልጅ ከምንትዋብ ጋር በቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ደጃፍ ቆመዋል።)

ዘርፌ፦ አልገባም አልኩሽ! በግድ ነው እንዴ?

ምንትዋብ፦ እትዬ፣ ጊዮርጊስን ተሳለምሽ፣ አራት ኪሎ ሐውልቱ ሥር ፎቶ ተነሣሽ፣ ስድስት ኪሎ ቤተ መንግሥቱን ዞርሽ። እዚህ ስንደርስ ምን ነካሽ?

ዘርፌ፦ ደከመኛ።

ምንትዋብ፦ የስድስት ኪሎውን ደረጃ ከኔ ቀድመሽ አልወጣሽም?

ዘርፌ፦ ልሸሸው ብዬ ነዋ!

ምንትዋብ፦ ማንን?

ዘርፌ፦ ተይው።

ምንትዋብ፦ እትዬ፣ ማንን?

ዘርፌ፦ አመድማ ሹራብ የለበሰ ልጅ። ጊዮርጊስ ቅጥሩ ጥግ ቆሞ ነበር። አራት ኪሎ ፎቶ ስታነሺኝ ከጀርባሽ ሆኖ ያየኛል። ስድስት ኪሎም መስኮቱ ጋ...

ምንትዋብ፦ ፋሻው ከተፈታልሽ ገና ሳምንትሽ ነው። ሐኪሙስ ለጊዜው ጥላ ጥላ ይልብሻል ብሎሽ የለ?

ዘርፌ፦ ጥላ ስም ይጠራል?

ምንትዋብ፦ ምን ብሎ ጠራሽ?

ዘርፌ፦ «ዘርፊቱ»። እንደዚያ የሚለኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ምንትዋብ፦ አባቴ።

ዘርፌ፦ ታክሲ ጥሪ፣ እንሂድ።

ምንትዋብ፦ እንግዲያውስ ልንገርሽ። ስታዪው ደስ እንዲልሽ ብዬ ደብቄሽ ነበር። እናቴ የተወችልኝን አንድ ፎቶውን አስባዝቼ ለሙዚየሙ ሰዎች ሰጠኋቸው፤ ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። «ጌጤነህ አየለ» ተብሎ ከነስሙ። ሳልወለድ የሞተ አባቴን ከሚያውቀው ሰው ጋር ሆኜ ልየው ብዬ ነው።

ዘርፌ፦ ሹራቡን ለብሶ ነው?

ምንትዋብ፦ አዎ... ፎቶውን መቼ አየሽው?

ዘርፌ፦ አላየሁትም። ሹራቡን ግን የማጥብለት እኔ ነበርኩ። አጥቤ ገመድ ላይ እንዳሰጣሁት መጡ።

ምንትዋብ፦ እነማን?

ዘርፌ፦ አብዮት ጠባቂዎቹ። አራት ነበሩ። እማዬ ገበያ ወጥታለች። አንዱ ሹራቡን ዳሰሰና «እርጥብ ነው፤ ከከተማ አልወጣም» አላቸው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጉንጬን ነካ አደረገኝ። «ሌሎቹ ካገኙት ይገድሉታል። እኛ ቀድመን እናውጣው፤ የት ነው ያለው?» አለኝ።

ምንትዋብ፦ እና?

ዘርፌ፦ ነገርኩት።

ምንትዋብ፦ ምን አልሽ?

ዘርፌ፦ ነገርኩት ምንትዋብ! ኮልፌ፣ የእናትሽ አጎት ቤት፣ ከጓዳው እህል ጀርባ። ሹራቡንም ከገመዱ አነሣና «ይበርደዋል፣ እወስድለታለሁ» አለኝ። እኔ ሞኟ፣ እንኳን ወሰደለት ብዬ ደስ አለኝ።

ምንትዋብ፦ እናቴ እስክትሞት «ማን ጠቆመው?» እያለች ኖረች። ላንቺም ጽፋልሽ ነበር። የጻፈችውን ፖስታ ቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ!

ዘርፌ፦ ደርሶኛል። እስከ ዛሬ ሣጥኔ ውስጥ አለ። መልስ ልጽፍ ስንቴ ብዕር አንሥቻለሁ። አርባ ስምንት ዓመት ይሄን ከተማ ያልረገጥኩት ለምን መሰለሽ?

ምንትዋብ፦ ዝም በይ። እባክሽ ትንሽ ዝም በይ።

ዘርፌ፦ እሺ።

ምንትዋብ፦ ... ስንት ዓመትሽ ነበር?

ዘርፌ፦ ምን ይረባሻል?

ምንትዋብ፦ ስንት?

ዘርፌ፦ ዐሥራ ሁለት።

ምንትዋብ፦ የኔዋ ሶስናም ዐሥራ ሁለት ናት። ባለፈው ወር አንድ የማናውቀው ሰው ደውሎ «የአባትሽ ጓደኛ ነኝ» ቢላት፣ ቤታችን የት እንደሆነ እስከ በሩ ቀለም ዘርዝራ ነገረችው።

ዘርፌ፦ ገረፍሻት?

ምንትዋብ፦ ልቆጣት ሄጄ አቅፌያት አለቀስኩ።

ዘርፌ፦ ይቅር ብለሽኛል ማለት ነው?

ምንትዋብ፦ አላውቅም እትዬ። አሁን ብዬሻለሁ ብል እዋሻለሁ። ግን ነይ እንግባ፤ ለኔ የነገርሽኝን ፊቱ ቆመሽ ለሱ ንገሪው። እኔ አጠገብሽ ነኝ።