ቁፋሮው ጋ ያልደረሰው ውሃ

ባለቤቴ ኦጋዴን ለሥራ ቢሄድና ቢታመም፣ መኪና ቢገለበጥበት፣ ማን ይደርስለታል? ይሄ ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። ባሌ በያጅ ነው። የጋዝ ቱቦ የሚበይድ ሰው ይፈለጋል ተብሎ ተጠርቷል፣ ቅዳሜ መልስ ስጥ ብለውታል። እኔ ደግሞ ገና ጡት የምትጠባ ልጅ ይዣለሁ። ጎረቤታችን ጋሽ ቶሎሳ ድሮ እዚያው አገር ለነዳጅ ፍለጋ ቁፋሮ ውሃ በቦቴ ያመላልሱ ነበር። ሄጄ ጠየቅኳቸው፣ ያሉኝን እንዳሉት ጻፍኩት።

«በእኛ ጊዜማ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አስፋልት የሚባል ነገር የለም። አሸዋ ነው፣ አሸዋ! ታዲያ አንድ ቀን ቦቴዬ ውሃ እንደሞላ አሸዋው ውስጥ ተቀረቀረ፣ እስከ ሆዱ። እና እኔ ጅሉ፣ የናዝሬት ሰው፣ ውሃ ከቧንቧ የለመድኩ፣ ላፍስሰውና ይቅለል ብዬ መክፈቻውን ለቀቅኩት። ታዲያ ምን ብትዪ ጥሩ ነው? አንዲት ግመል የምትጠብቅ ሴትዮ፣ ልጅ አዝላ፣ እየጮኸች መጣች! ቋንቋዋን አላውቅም፣ ስድቡ ግን ገብቶኛል። ውሃው የሚወርድበትን በመዳፏ ደፈነችው፣ በመዳፏ እኮ ነው! ዘጋሁት። እና ተጣራች፣ ሰፈሩ በሙሉ ጀሪካን ይዞ መጣ፣ ግመሎቹም ጠጡ፣ ጠጡ፣ መኪናው እየቀለለ፣ እየቀለለ... ታዲያ ሲቀል ሁሉም ተረባርበው ገፉኝና ወጣሁ! እሷም የግመል ወተት አጠጣችኝ፣ እየሳቀችብኝ።»

«አለቃዎስ አልተቆጣም?» አልኳቸው።

«ፈረንጁ? ‹ቶሎሳ! ውሃ የት? ቁፋሮ ቆመ!› እያለ ዘለለ። ‹ግመል ጠጣው› አልኩት። ‹ግመል? ይሄን ሁሉ?› ‹ግመል ነዋ፣ ጌታዬ!› ሃሃሃ! ሰማሽ ልጄ፣ ጋዙ ያኔ ሳይወጣ ቀረ፣ እኔ ግን ሰው አገኘሁ። ዛሬም በጸሎቴ አነሳታለሁ።»

«እና ይሂድ ነው የሚሉኝ?»

«እኔ ያየሁትን ነገርኩሽ፣ ባልሽ ያንቺ ነው!» ብለው ሳቁብኝ።

እግዜር ይስጣቸው፣ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ ይወስደኛል። ያቺን ሴትዮም ሳላውቃት አመሰግናታለሁ። ግን ይኸው ዓርብ ደረሰ፣ ባሌም «ምን ልበላቸው?» እያለ ፊቴን ያየኛል። ባላችሁን ሩቅ አገር የሸኛችሁ እህቶቼ፣ ሂድ ልበለው ወይስ ቅር? እባካችሁ ምከሩኝ።