ክፈተው!

ሕመምተኛ ሳናግር በር መዝጋት የተውኩት በአባ ሙሳ ምክንያት ነው። እዚህ አሶሳ ካንሰር የጠናባቸውን የማማክር ነርስ ነኝ። የሆሞሻው አዛውንት አባ ሙሳ እንቅልፍ እምቢ ካላቸው ሰንብቷል። ልጃቸው ኮሪደር ላይ ያዘኝና «አባቴ በሽታው ካንሰር መሆኑን አያውቅም። አደራ፣ እንዳትነግረው!» አለኝ። እኔም እንደተማርኩት ዘመድ አዝማዱን አስወጥቼ በሩን ጥርቅም አደረግኩት።

«ተዘግቶበት የሚጠየቅ ሌባ ነው» አሉኝ ተቆጥተው። «እኔ ምን ሰረቅኩ? ክፈተው!»

ከፈትኩት። ያኮረፋቸው ወንድማቸው ሳይቀር ሁሉም ተመልሶ ገባ። «ካንሰር ነው፣ አውቃለሁ። ያስቀየምኳችሁ አፉ በሉኝ» አሏቸው። «አፉ ብለናል!» ብለው ክፍሉን በለቅሶ አናጉት። አባ ሙሳ ግን ትራሳቸውን አመቻችተው ወደ እኔ ዞሩ።

«በል አሁን ዝጋው፤ እንቅልፌ መጣ።»